ሰርቨሩ እፎይ ያለ ቀን

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ጠዋት የኮምፒውተር ኃላፊ የሆንኩበት የልብስ ፋብሪካ ሰርቨር ቀይ አብርቶ ጠበቀኝ። ዋናው ማከማቻ፣ ሲ ድራይቩ፣ ጢም ብሏል። የጨርቅ መቁረጫው ፕሮግራም አልከፈት ብሎ የመቁረጫ ክፍሉ ሥራ ፈቷል፤ ሥራ አስኪያጁ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል። አላስፈላጊ ፋይሎችን አጠፋሁ... አልበቃም። የድሮ አፕዴቶችን አነሳሁ... አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ ለወራት ኮምፒውተራቸው ላይ ያልገቡ ሠራተኞችን ፎልደሮች በጅምላ መርጬ ሰረዝኩ። የለቀቁ ናቸው ብዬ። ስሞቹን አንብቤ ነበር? እንጃ።
ሰርቨሩ እፎይ አለ። ሥራ አስኪያጁም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ልብስ ነዳፊዋ ከወሊድ ፈቃድ ተመለሰች። የሕፃናት ልብስ ንድፎቿን አጥታቸው ቢሮዬ መጣች። ሁለት ዓመት የለፋችባቸው፣ ዋና ነዳፊ ለመሆን የምታቀርባቸው። ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ አለች፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ዴስክቶፕ ደግሞ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ባለው ፎልደሩ ውስጥ ነው። ለወራት ያልገባችው ወልዳ እንጂ ለቃ አይደለም!
መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) የምንይዘው የጋራውን ድራይቭ ብቻ ነው። እሱ ሲሞላ ደግሞ ለጊዜው ዴስክቶፕሽ ላይ አስቀምጪ ያልኳት እኔው ነኝ።
ኪቦርዱን ስነካካ፣ "ሴቭ ሳላደርገው ቀርቼ ይሆናል፤ ከወለድኩ ወዲህ ጭንቅላቴን አላምነውም" አለች። ስላስቸገረችኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን!
"ይሆናል" አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ስፈልግ ዋልኩ። ምንም የለም። በነበሩበት ቦታ ሌላ ፋይል ተጽፎበታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13
ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ንድፎቹን ጠየቃት። ጠፉብኝ አለች፣ አንገቷን ደፍታ። "ጭንቅላትሽንም ከልጁ ጋር ወለድሽው እንዴ?" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እኔ ምን ያስቀኛል? የዋና ነዳፊነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 16
ሚስቴ ምን ሆነሃል ትለኛለች። ሥራ በዛብኝ አልኳት። ሌላ ውሸት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19
ለነዳፊዋ ነገርኳት። መቁረጫ ጠረጴዛው ጋ ብቻዋን ሳገኛት።
"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንቺ በደንብ አስቀምጠሽው ነበር።"
ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። መቀሱን አስቀመጠች።
"ሴቭ አድርጌው ነበር?"
"አዎ።"
"እርግጠኛ ነህ?"
ሁለቴ ጠየቀችኝ። ሁለቴ መለስኩላት። ከዚያ መቀሱን አንስታ ወደ ጨርቁ ተመለሰች። መሄድ ይሁን መቆም ጨንቆኝ ቆየሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20
በሳቁት ሁሉ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ንድፉን እንደገና እንድትሠራ ጊዜ ሰጧት። ሁለት ዓመት ግን ማን ይመልስላታል?
ከሥራ መውጫ ላይ ቢሮዬ ገባች። አልተቀመጠችም።
"ልጄን ብቻዬን ማጠብ ትቼ ነበር እኮ" አለች። "ውሃው ውስጥ ረስቼው ብነሳስ እያልኩ። ባሌ እስኪገባ ነው የምጠብቀው።"
እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣችና ባሏ ጋ ደወለች።
"ዛሬ አትቸኩል፤ እኔ አጥበዋለሁ" አለችው።
እኔን ደህና እደር እንኳ ሳትለኝ ወጣች።