ግሪን ካርዴ እስኪመጣ የተደበቀው መርዶ

እማዬ፣

አሰላሙ አለይኪ። ለሰው ሁሉ ከሞትሽ ስምንት ወርሽ ነው፤ ለእኔ ግን ገና ሦስት ወርሽ ነው። ሌላው አልቅሶ፣ ሰደቃሽን በልቶ፣ እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ነው እኔ ብቻዬን ሀ ብዬ ለቅሶ የጀመርኩት። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ በጣም ተናድጄብሻለሁ። በሰይድም ተናድጃለሁ፤ እሱ ወንድሜ ነውና ለብቻው አገኘዋለሁ። በጓደኛዬ በዘሃራም ተናድጃለሁ። የአንቺ ግን ይብሳል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። አሁንም ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር፣ እዚያችው አፓርታማ ነኝ። ሥራዬም ያው ሳክሲ ከተማ ያለው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው ነው፤ ስፖንሰር ያደረገኝ እሱ ነውና ወዴት እሄዳለሁ? አሠሪ ግሪን ካርድ ያስጨርስልሻል ማለት ምን እንደሆነ አንድም ቀን በደንብ አላስረዳሁሽም። ሥራውን ከለቀቅሽ ወረቀቱም አብሮ ይቀራል ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሬ ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ዒድም ሺፍት ስትጭንብኝ መልሴ ኦኬ ነበር። ወገቤን አሞኝ ቀጥ ብዬ መቆም ሲያቅተኝም ሄጃለሁ። ሌሎቹ ነርሶች ፍሪስኮ ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝተው ሲለቁ እኔ ኬክ እየቆረስኩ እሸኛለሁ። ይህን ሁሉ የቻልኩት ለሌላ ነገር አልነበረም፤ ወረቀቴን ይዤ፣ መጥቼ አንቺን አይቼ እንድመለስ ነው። አንቺ ደግሞ በስልክ፣ አሁንም አልመጣም ወይ፣ ስንት ገጽ ቢሆን ነው እንዲህ የሚጽፉት እያልሽ ታስቂኝ ነበር።

አምና ክረምት መታመምሽን ስሰማ ወረቀቴን የያዘችው ጠበቃ ጋ ደወልኩ። ማመልከቻሽ ሳያልቅ ያለ ጉዞ ፈቃድ ከአገር ከወጣሽ እንደተውሽው ይቆጠራል፣ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው አለችኝ። ፈቃዱን ጠየቅን። በየጊዜው ኢሚግሬሽን ስደውል ፔንዲንግ፣ ገና በመታየት ላይ ነው ይሉኛል። በሽታ ፔንዲንግ የሚባል ነገር አያውቅ! ወረቀቱ ይቅርብኝ፣ ቲኬት ልቁረጥ ብልሽ ጮህሽብኝ፤ ብትመጪ በር አልከፍትልሽም አልሽ። እኔም ሳቅሁ። ለእኔ በር ዘግተሽ አታውቂማ።

ከዚያ ከስልክ ጠፋሽ። ሰይድ፣ ጉሮሮዋን አሟታል፣ ሐኪሙ ብዙ አታውሪ ብሏታል አለኝ። በቪዲዮ ልያት ስለው የደሴ ኔትወርክ አይሆንም ይለኛል። አንቺም ታመሽ መታየት እንደማትወጂ ስለማውቅ አመንኩት። በምትኩ በየአርቡ የተቀዳ ድምፅሽን ይልክልኝ ጀመር። ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ትያለሽ። ረመዳን ሲገባም እንኳን አደረሰሽ አልሽኝ፤ ከኋላሽ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በዚህ ወር እንዲህ ይዘንባል እንዴ ብዬ ሰይድን ጠየቅኩት። በልግ ነው አለኝ። እኔ ጅሏ፣ እሰይ ዘንድሮ በልጉ ሰምሯል ብዬ ደስ አለኝ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ መልስ እቀዳልሻለሁ፣ ዱዓ አድርጊልኝ እልሻለሁ። ያን ጊዜ ከተቀበርሽ ቆይተሻል።

እዚህ ያለ ወሎዬ ሁሉ ያውቅ ነበር አሉ። መስጊድ ሴቶቹ ሲያቅፉኝ ቶሎ አይለቁኝም። ሱቅ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እኔ ደግሞ ወረቀቷ እንቢ አላት ብለው የሚያሙኝ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋቸዋለሁ።

ካርዱ የመጣ ዕለት መጀመሪያ ኮል ያደረግኩት ዘሃራ ጋ ነው፤ አብራኝ የምትሠራው፣ እንደ እህቴ የማያት። እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን፣ ነገ ጠዋት ቤት ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለደስታዬ ሊመጡ ነው ብዬ ቤቱን አጸዳሁ፣ ሳምቡሳ ጠበስኩ። በማግስቱ ፈጅር ሰግጄ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ዘሃራ፣ ባሏ፣ እንደ አባታችን የምናያቸው ሐጂም ጋቢያቸውን ደርበው። ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው፣ እንኳን ደስ አለሽ ለማለት በዚህ ሰዓት ይነሳሉ ብዬ ሳምቡሳውን አቀረብኩ። ማንም አላነሳም። ሐጂን፣ ይብሉልኝ እንጂ ብዬ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉኝ። ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ የማላውቅ ሆኜ ነው? ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደስታው ነው ያስረሳኝ።

የዚያን ዕለት ሰይድ ላይ ያላወረድኩት ስድብ የለም። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሁሉንም ያደረግሽው አንቺ መሆንሽን ነገረኝ። በዚያ ክረምት አልጋሽ ላይ ሆነሽ፣ ድምፅሽ ሲዝል ውሃ እየተጎነጨሽ፣ የረመዳኑን ሳይቀር ቀድመሽ ቀዳሽው። ሐጂንም በስልክ ቃል ያስገባሻቸው አንቺ ነሽ። ማን ጠየቀሽ፣ እማዬ? እንደ ሕፃን ከረሜላ ይዘው የሚያታልሉኝ ምን አድርጌ ነው? ምርጫው የእኔ ነበር። ከፈለግኩ ወረቀቱን፣ ከፈለግኩ አንቺን እመርጥ ነበር። አንቺ ግን ሳትጠይቂኝ መረጥሽልኝ። የጉዞ ፈቃዱንም ነገር ልንገርሽ፤ አሁን ካርድ ስላለሽ አያስፈልግሽም ብለው ዘጉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሥራ ቦታ ኬክ ገዝተው ጠበቁኝ። ማናጀሩ አሁን ደግሞ ጥለሽን እንዳትሄጂ ብሎ ቀለደ፤ ሌሎቹ ሳቁ፣ እኔ አልሳቅኩም። በሚቀጥለው ወር ደሴ ነኝ። ሱፐርቫይዘሬ ቀኑን ትንሽ ብትገፊው ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም አልኳት። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

መቃብርሽ ላይ ቆሜ የምለውን እዚያው እልሻለሁ፤ ጥሩ ጥሩው ብቻ እንዳይመስልሽ። ስሰግድም፣ ስሠራም፣ ስናደድም ከአፌ አትጠፊም። አላህ ጀነቱን ይስጥሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ በስምሽ ሰደቃ አወጣለሁ። ንዴቴ መቼ እንደሚበርድልኝ ግን አላውቅም፤ እሱን ቃል አልገባልሽም።

ሰይድን በመጨረሻ ለምን ብላ ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ከነገራችኋት ትመጣለች» ብለሽ ነው አለኝ።

እውነትሽን ነው። እመጣ ነበር፣ እማዬ።

ልጅሽ ሐያት