የኮሪያ ጥብስ በዝግ ቤት

ሰኞ፣ ጥር 13

ሥጋ በመቀስ ሲቆረጥ አየሁ። በመቀስ! ለእማዬ ስነግራት አማተበች።

ጥምቀትን አዲስ አበባ ውዬ ዛሬ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ዓባይን ስንሻገር የተደፈነው ጆሮዬ እስካሁን አልተከፈተም። ይዞኝ የሄደው ወንድሜ ይበልጣል ነው። «እታለም፣ ሳታዪው እንቢ አትበይ» ብሎ ጨቀጨቀኝ። እሱ አዲስ አበባ አንድ የኮሪያ ምግብ ቤት ውስጥ ሥጋ ቆራጭ ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። ቤቱ ሲዘጋ መስከረም ላይ ወደ እኔ መጣ፤ ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥጋ ቤቴ በር ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል። አሁን የቤቴን ውስጠኛ ክፍል የኮሪያ ጥብስ ቤት እናድርገው ይላል።

ሦስት ቦታ አስገባኝ። አንዱ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው መሐል ፍም አለ፤ ከጣሪያው የወረደ ቱቦ ጭሱን ይስባል። ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል፣ ሰው በሹክሹክታ ያወራል፤ እኔ የምውጠውም አልወርድ አለኝ። ሌላው የተማሪ ቤት ይመስላል፤ ርካሽ ነው፣ ግፊያ ነው፣ ሥጋው ግን ከሁሉም ይጣፍጣል። የወደድኩት ቪላ ቤቱን ነው። ባለቤቲቱ ራሷ ወንበር ስባ መጥታ ሥጋውን በመቀስ እየከተፈች፣ በሰላጣ ቅጠል ከነጭ ሽንኩርትና ከአዋዜ ከመሰለ ቀይ ነገር ጋር እንዴት እንደሚጠቀለል አሳየችኝ። የኮመጠጠ ጎመናቸው ግን ይቅርብኝ። አዲስ አበባ ሄዶ የኮሪያ ጥብስ ያማረው ሰው ቢጠይቀኝ ወደ ቪላው ሂድ እለዋለሁ።

አሳማ እንዳያበሉኝ ፈርቼ በየገባንበት ሁለት ጣቴን ራሴ ላይ እያቆምኩ «ቀንድ ያለው! ቀንድ ያለው!» ስል ይበልጣል በሳቅ ሞተ። ይሳቅ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

እሺ ያልኩት ለንግዱ ጓጉቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ኅዳር ላይ «ወይ ሥራ፣ ወይ መተማ» ብሎኛል። በመተማ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ። አብረውት ካደጉት ሁለቱ ሄደዋል። አንዱ ይደውላል። ስለ ሌላው የሚያወራ የለም።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የመንገድ ሥራው ካምፕ አስተርጓሚ ሳሙኤል መጣ። ኮሪያውያኑ መሐንዲሶች እሑድ ምሳ ይመጣሉ። ይህን ጥብስ ፍለጋ ወር በወጣ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ ይነዳሉ አሉ። «ከወደዱት በየሳምንቱ እናንተ ጋ ናቸው» አለ። ካልወደዱት የሚለውን አልጠየቅኩም።

ከገና በፊት ያዘዝናቸውን የሸክላ ምድጃዎች እትየ ጥሩወርቅ አመጣች። ጠረጴዛው መሐል የሚገቡ፣ ጠበብ ያሉ ናቸው። ይበልጣል በእጁ እየለካ «ልክ! ልክ!» አለ። አንዱ ጎኑ ስለተሰነጠቀ ቤቷ ደርቆ የተቀመጠ ሌላ ተኩሳ ሐሙስ ልታመጣ፣ ሒሳቡንም ያኔ ልንከፍል ተስማማን።

እሷ ስትገባ እማዬ ሮጣ ሥጋው ላይ ነጠላዋን ጣለችበት። እትየ ጥሩወርቅ አይታለች። እንዳላየች ሆነች። ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ ዐይኗን ይፈራል፤ በእንስራዋ ውኃ እየጠጣ፣ በድስቷ ወጥ እየሠራ ይፈራታል። እኔስ? እኔ አላምንበትም እላለሁ። ግን ነጠላውን ከሥጋው ላይ አላነሳሁትም።

እማዬ ማታውን ሁሉ ስትነዘንዘኝ አመሸች። «ጥሬ ሥጋ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አላፊ አግዳሚው እያየው? ልጄን ልታስበዪው ነው?» መጋረጃ ይሰቀላል አልኳት፣ በሩም ይዘጋል። እሷን ዝም ለማሰኘት ብዬ ነው። ለዚያ ብቻም ግን አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ጾም ነው፤ ሥጋ ቤቱ ዝግ። ወሬው ግን ክፍት ነው። አሳማ ልታርድ ነው አሉ። ውሻም ነው አሉ። አንድ የቆየ ደንበኛዬ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ቢላዋው ለየብቻ ነው?» አለኝ። በሬ ነው፣ የምታውቀው በሬ፣ ከምታውቀው ቄራ! ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ደንበኛ ላይ መጮኼ አስፈራኝ።

ይበልጣል የሽቦ ፍርግርጉን ሲያጥብ ስልኩ ጮኸ። ጓሮ ወጥቶ በዝግታ ተናገረ። ቁጥሩን ባላየውም ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ የመተማው ደላላ ነው።

«ምን አለህ?» አልኩት ሲገባ።

«እሑድ ይለፍ፣ ቆይ ብዬዋለሁ።»

እሑድ ይለፍ። ሁሉ ነገር እሑድ ላይ ተንጠለጠለ፤ እኔ ደግሞ ሥጋውን በምን ያህል ውፍረት እንደሚቆርጡት እንኳ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ይበልጣል ሆስፒታል ነው። ተርፏል። ደግሜ ልጻፈው፤ ተርፏል።

ከአእምሮዬ ሳይጠፋ እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ከምሳ በኋላ ለሙከራ ሦስታችን ብቻ ልንቀምስ ውስጠኛው ክፍል ገባን፤ እሱ፣ እማዬና እኔ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲሆን ነው ያስገባነው። ያን ያህል እናውቃለን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። በሩን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። እማዬ የበሩን ሥር በጋቢ ወተፈችው። እንኳን ዐይን ነፋስም አይገባ።

ጥሩ ነበር። ውይ፣ እንዴት ጥሩ ነበር! ይበልጣል ፍሙ ላይ ጎንበስ ብሎ እያገላበጠ ያወራል። ለእሑድ ይህን እናደርጋለን፣ ለፋሲካ ያን እናደርጋለን። ለፋሲካ ሲል ልቤ ደስ አለው፤ ለፋሲካ እዚሁ ነው ማለት ነው። ራሴን ወጋ ሲያደርገኝ ረኀብ ነው አልኩ። እማዬ ጆሮዬ ይጮኻል አለች። ከዚያ ይበልጣል መሐል ላይ ዝም አለ። መቀሱ ከእጁ ወደቀ፤ ተከትሎም እሱ ወደ ጎን ተኛ።

«ተበላ! ልጄ ተበላ!» እማዬ ናት። ልነሳ አልኩ፤ እግሬ የኔ አይደለም። በሩ እዚያ ነው፣ ይታየኛል፣ ግን አይደረስበትም። መጮኼን እንኳ አላውቅም።

በሩ ተገፋ፤ ብርሃን ገባ። እትየ ጥሩወርቅ ናት፣ ያችን የቀረችውን ምድጃ ይዛ። ምድጃዋን ጣለቻት፤ ተሰበረች። የይበልጣልን ብብት ይዛ እየጎተተች አወጣችው። ሲጎተት ተረከዙ ወለሉን ሲፍቅ ይሰማኛል። ተመልሳ እማዬን፣ ከዚያ እኔን። በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ኦክስጅን አደረጉለት። ከንፈሩ ቀይ ነበር፤ የጤነኛ ቀይ አይደለም።

ሐኪሙ ከሰል ነው አለኝ። «ጭስ እኮ የለውም፣ ፍም ነው» አልኩት። «የሚገድለው የማይታየው ነው፤ ፍምም በዝግ ቤት ይገድላል። ያ በሩን የከፈተ ሰው ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ገባኝ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ነቅቷል። ይናገራል። ራሱን ያመዋል፤ ምንም አያስታውስም። «ሥጋው አረረ?» አለኝ መጀመሪያ። አለቀስኩም ሳቅኩም።

ቤት ስመለስ ጉድ ፈልቶ ጠበቀኝ። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ «ጥሩወርቅ በሩን ከፍታ ዐይኗን ስትጥልበት ልጄ ክንብል አለ» ብላለች። እማዬ አትዋሽም፤ ራሷም ዞሮባት ስለነበር የቱ እንደቀደመ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ይበልጣል የወደቀው በሩ ሳይከፈት ነው።

የሰፈሩ ሴቶች ትናንት ማታውን እትየ ጥሩወርቅ ቤት ሄደው የይበልጣልን ሸሚዝ አስይዘው «እንትፍ በይበት፣ ልቀቂው» ብለዋታል። እንትፍ አለች አሉ። ምን ታድርግ? ጠዋት ሲነቃ ደግሞ «ይኸው ለቀቀችው» ተባለ።

ሰምቼ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ለዚህ ደብተር ባልነግረው ለማን እነግራለሁ? ከሰል ነው ካልኩ ቤቴ ሰው የሚገድል ቤት ይሆናል። ማን ይመጣል? ኮሪያውያኑ ይቀራሉ፤ እሑድ ባዶ ይሆናል፤ ይበልጣል የደላላውን ስልክ ያነሳል። ቡዳ ነው ከተባለ ግን ጥፋቱ የቤቴ አይደለም፤ የሷ ነው። አንድ ቃል ሳልናገር ወንድሜን አስቀራለሁ። እሷ ግን ከዚህ በኋላ ማን ድስት ይገዛታል? ማን ደጇን ያልፋል?

ፈሪ ነኝ። እንዲህ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ይበልጣል ጠዋት ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ማረህ» ሊለው መጣ፤ ቤቱ ሞላ። እማዬ መሐል ተቀምጣ ያንኑ ታሪክ ትደግማለች፤ በደገመችው ቁጥር የእትየ ጥሩወርቅ ዐይን ያድጋል። አንዷ «ከሰፈር ብትነቀል ነው የሚሻለው» አለች። ሌሎቹም እውነት ነው አሉ።

ያን ጊዜ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ተነሳሁ። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይበልጣል በሩ ዝግ እያለ ነው የወደቀው። ከሰል ነው የመታን። እሷ ባትከፍትልን ዛሬ እዚህ የምትቀመጡት ለለቅሶ ነበር» አልኩ።

«እና ቤትሽ ሰው ይገድላል ማለትሽ ነው?» አለችኝ አንዷ።

«በሩ ሲዘጋ፣ አዎ።»

እማዬ ፊቷን አዞረችብኝ። ይበልጣል ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ምን እንዳሰበ ፊቱ ላይ አጣሁት።

እትየ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ። በር አልከፈተችልኝም። በስተውስጥ ሆና «ይቅርታሽን ተዪው፣ ምድጃዎቼን መልሱልኝ» አለች።

ከሰዓት ሳሙኤል ከመሐንዲሶቹ አለቃ ከሚስተር ኪም ጋር መጣ። ወሬው ካምፕ ደርሷል። አበቃ፣ ሊሰርዙ ነው አልኩ። ሚስተር ኪም ክፍሉን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ በሁለት ጣቱ ያዘና ሳሙኤልን አንድ ነገር አለው። ሳሙኤል «ለምን ሰቀላችሁት ይላል» አለኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? እንዲያ ነው ልማዳችን አልኩ። ግቢውን ዞሮ አየና በጣቱ መሬቱን አሳየኝ። እዚህ። ደጅ ላይ።

ደጅ! አጥሬ እኮ ወገብ ድረስ ነው። መንገደኛው ሁሉ ያያል። እማዬ ስትሰማ እኔ የለሁበትም ብላ ጓዳ ገባች።

እሑድ፣ ጥር 19

ከየት ልጀምር።

መጡ። ሰባት ሆነው መጡ። ምድጃዎቹን ግቢው መሐል አደረግናቸው። አጥሩ ላይ ሰው እንደ ሰርግ ቤት ተሰብስቧል፤ ከቅዳሴ የተመለሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጥሬው ሥጋ ያለ ሽፋን ተዘርግቷል። እኔ ከሥጋው ይልቅ ይበልጣልን ነው የማየው። ቢያስል ደነገጥኩ፣ ቢቀመጥ ደነገጥኩ፣ ቢስቅም ደነገጥኩ።

ሥጋው ተወደደ። አዋዜያችንን ከራሳቸው ቀይ ነገር አስበልጠው በሉ፤ አንዱ እንባው እየወረደ ጨምሪ አለኝ። እማዬ ወሬ አላስችል ብሏት ከጓዳ ብቅ ስትል ሚስተር ኪም ተነስቶ፣ ሥጋ በሰላጣ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ወደ አፏ። ጉርሻ ያውቃሉ! ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ ነው አለ ሳሙኤል። እማዬ በድንጋጤ ጎረሰች። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ የግቢው በር ተንኳኳ። እትየ ጥሩወርቅ ናት፣ ምድጃዎቿን ልትወስድ። አጥሩ ላይ ያለችው ሴት የልጇን ፊት በነጠላዋ ስትሸፍን አየሁ።

ይበልጣል ሄደና ፊቷ ቆመ። «አንቺ ነሽ አሉ የጎተትሽኝ።»

«ከባድ ነህ» አለችው። «ወገቤን እስካሁን ያመኛል።»

እጇን ይዞ አመጣትና ወንበር ላይ አስቀመጣት። ምድጃው ላይ እሳት አለበት፤ መውሰድ አይቻልም። ሥጋ ጠቀለልኩ። ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ አጎረስኳት። አየት አደረገችኝ፤ ረጅም ነው ያየችኝ። ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም። ግን ጎረሰች። ሁለተኛውንም። እማዬ አማተበችና ውኃ ልታመጣላት ሄደች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ስልኩ ጮኸ። የመተማው ሰው ነው፤ ከይበልጣል ፊት አወቅኩት። ሳህን ይዤ ቆምኩ። ስልኩን አየው። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። አላነሳውም። ግን አልዘጋውምም።

ምድጃው እስኪበርድ ወደምትጠብቀው ወደ እትየ ጥሩወርቅ ዞረና «አራት ምድጃ ብጨምር መቼ ይደርስልኛል?» አላት።

«ሸክላ አይቸኩልም። ሳይደርቅ ቢተኮስ ይፈነዳል። የካቲት አጋማሽ ብትመጣ ነው።»

«እጠብቃለሁ» አላት።

ለእሷ ነው ያለው፤ ለእኔ አይደለም። ግን ሰምቼዋለሁ። እስከ የካቲት አጋማሽ እንቅልፍ አለኝ ማለት ነው።