ኮክረንን ያልኩት እኔ ነኝ

ታዴዬ፣

እንደ ደንቡ ነፍስህን ይማር ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ውስጤ ሲብሰለሰል ስለከረመ እሱ ይቅደም። ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትህን አወጣን፣ ሐውልትህም ቆመ፣ ሰው ሁሉ "አይ ታደሰ፣ ጨዋ ሰው ነበር" እያለ በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ባለፈው እሁድ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ነገር ተናግሬብሃለሁ። ወደዚያ ከሚመጣ ሰው ከምትሰማው ከኔው ብትሰማው ይሻላል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሄለን ኤድመንተን ሄዳ ትማራለች። ስደውልላት "ማሚ፣ አይ አም ፋይን" ብላ ትዘጋብኛለች፤ ጠባይዋ ቁርጥ አንተን። ቫንህን ሸጥኩት፤ ለማይነዳ ሰው ኢንሹራንስ እየከፈሉ ማቆም ምን ይሠራል? መንጃ ፈቃድ አውጪ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ አሾፍብህ ነበር፤ አሁን በረዶ ላይ ቆሜ ባስ ስጠብቅ "እሰይ፣ አበጀሽ" የምትለኝ ይመስለኛል። ቤልትላይን ካለው ቤታችን ኦግደን ያለው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሁለት ባስ ነው፤ የእሁድ ባስ ደግሞ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። እነ እትዬ ዘነበችን በደንብ ያወቅኳቸው እዚያ ፌርማታ ላይ ነው። ድሮም አውቃቸዋለሁ፣ ግን ነጠላቸው ላይ ካፖርት ደርበው በዚያ ብርድ ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኛ በቫን ሽው ብለን ስለምናልፍ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ስትመጣ ጫማህን ሳታወልቅ "ዛሬም ተበጣበጥን" ትለኛለህ፤ እራት ላይ ነገሩን ዘርግተን እናወራዋለን። ምድር ቤቱን በሥራ ቀን ለሕፃናት ማቆያ እናከራየው ያልኩህ እኔ ነኝ። በሳምንቱ አንተ ተናገርከው፤ ኋላ ገንዘቡ ሲገባ ተጨበጨበልህ። ወደ ተራራው ለሽርሽር ስንሄድ ከከተማ ወጣ ብላ ያለችውን ኮክረንን እያየሁ "ምናለ እዚህ ሰፊ መሬት ገዝተን ቤተ ክርስቲያን ብንሠራ፤ ቅዳሴ መሃል ከሚጮኸው ባቡርም እንገላገል ነበር" ያልኩህም እኔው ነኝ። ይሄም "የታደሰ ራእይ" ተባለ። አንድ ቀን እንኳ "ሚስቴ ናት ያለችው" አላልክም፣ ታዴ። ያኔ ያስቀኝ ነበር። ካለፍክ በኋላ ግን ማሳቁን ተወ።

የጉባኤ ጓደኛህ ጋሽ ሀብቶም ካንተ ቀብር ጀምሮ ኮክረንን እንደ ኑዛዜ ያዙት። የኦግደኑ ይሸጥ፣ ኮክረን እንሂድ ይላሉ። ለባለ መኪና መልካም ነው። ለነ እትዬ ዘነበች ግን እዚያ የሚሄድ ባስ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ቀረባቸው ማለት ነው። የእሁዱ ባስ ተሳፋሪዎች መክረው "በባልሽ ቦታ ምክትል ሊቀ መንበር ሆነሽ ተወዳደሪልን" አሉኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ በደብራችን ሴት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ወሬው ሲሰማ ደግሞ ጉድ ፈላ። የሴቶች ክፍል አላት አይደል፣ ምን ጎደላት ተባለ። የሴቶች ክፍል ማለት ለንግሥ በዓል ሽንኩርት መላጥ ነው፤ እሱን ስሠራ ኖሬአለሁ። ቅስና ስጡኝ አላልኩ! አንተ የተቀመጥክበትን የምእመናን ወንበር ነው የጠየቅኩት።

ምርጫው እንደ ወትሮው ምድር ቤት ሊሆን ነበር። በሳምንቱ ቱቦ ፈንድቶ ወለሉ በውሃ ተሞላ። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይካሄድ ተባለ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማታ የወር አበባዬ መጣ። ምን አለ አንድ ቀን ቢዘገይ? እትዬ ዘነበች ጋ ደወልኩ። እንደሳቸው ያለ ሥርዓት አክባሪ የለም ብዬ ነው፤ እሳቸው ግን "ዝም ብለሽ ግቢ፣ ማን ያውቅብሻል? እኔ ንስሐ እገባልሻለሁ" ብለውኝ እርፍ። ሥርዓቱ ልክ ነው አይደለም ብዬ መከራከር አልፈለግኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄው የኖርኩትን ለወንበር ብዬ ላፈርሰው ግን አልቻልኩም።

ስለዚህ መግቢያው ላይ፣ የጫማ መደርደሪያው ያለበት ጋ፣ ክርስትና ያልተነሱ ሕፃናት ካቀፉት እናቶችና እንደኔው ደጅ ከቀሩት ሴቶች ጋር ቆምኩ። ስሜ ተጠራ። "ወይዘሮ የሺ ካልተገኘች ትሰረዝ" አለ አንዱ። በበሩ በኩል አለሁ ብዬ ጮህኩ። ገብተሽ ቁሚ ሲሉኝ "ዛሬ መግባት አልችልም" አልኩ። ሁሉም ገባቸው። ወንዶቹ ምንጣፍ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። አጠገቤ ያለችው አራስ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።

ጋሽ ሀብቶም ማይኩን ተቀበሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደሚወዱህ ታውቃለህ። "ታደሰ ቢኖር ኮክረን ገብተን ነበር" አሉ። "የሞተ ሰው ቃል በገዛ ሚስቱ አይፈርስም።" ጭብጨባው ደጅ ድረስ ተሰማ።

ምን ላድርግ፣ ታዴ? ዝም ብል እትዬ ዘነበችን ከቤተ ክርስቲያን ላስወጣቸው ነው። ብናገር አንተን በቁምህ ያከበሩህ ሰዎች ፊት ላዋርድህ ነው። መልስ መስጠት አትችል፣ መቆጣት አትችል። ይቅር በለኝ አልኩህና አፌን ከፈትኩ።

"ኮክረንን ያልኩት እኔ ነኝ። ታደሰ ከኔ ሰምቶ ነው የነገራችሁ። የምድር ቤቱንም ኪራይ ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ መኪና ነበረኝ፣ ባስ የሚጠብቀው ሰው አልታየኝም። የማፈርሰው የራሴን ሐሳብ ነው።"

ከዚያ እጅ አውጡ ተባለ። ቆጣሪዎቹ የውስጡን ብቻ ቆጥረው ሊቀመጡ ሲሉ ጋሽ ሀብቶም ደጅ ያለ አይቆጠርም አሉ። ቀሲስ ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ደጅ የቆመውም ምእመን ነው፣ ሂዱና ቁጠሩ አሉ። ቆጣሪው ጫማ እየተሻገረ መጣ። እናቶቹ ልጆቻቸውን በአንድ ክንድ አቅፈው ሌላውን እጃቸውን አወጡ። በነሱ ድምፅ ነው ያለፍኩት።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ጋሽ ሀብቶም ጫማቸውን ሊያነሡ ወጡ፣ አጠገቤ ጎንበስ አሉ፣ ሳያዩኝም "ሁለተኛ ቀበርሽው" ብለውኝ ሄዱ። ቤት ገብቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ አለቀስኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሳብሰለስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የምድር ቤቱን ኪራይ ያቀረብክ ሰሞን ቤተ ክርስቲያኑን ሱቅ ሊያደርገው ነው ብለው አዋርደውህ ነበር። ፊትህ ገርጥቶ መጣህ፣ እራትህንም በቅጡ አልበላህም። ያንቺ ሐሳብ ነው ያሰደበኝ አላልከኝም። ለነሱም የሷ ነው ብለህ ከራስህ ላይ አላወረድክም። ጭብጨባውን ስወቅስህ ስድቡን ረስቼው ነበር፤ እሱንም በስምህ ነው የተቀበልክልኝ። እኔ ያኔ እዚያ ብቆም ኖሮ ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ሮጬ እወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ጋሽ ሀብቶም ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ፈርቻለሁ። ስቀመጥ በመጀመሪያ ይህን ነው የምነግራቸው፤ ታደሰ ስለኔ ሐሳብ እንደተሰደበና አንድ ቀን እንኳ አሳልፎ እንዳልሰጠኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እስካለሁ ይህን ረስተው ስምህን ሲያነሡ ዝም አልልም። ከዚያ ስለ ኮክረን የማስበውን በገዛ አፌ እናገራለሁ፣ የሚመጣውንም ስድብ እኔው እቀበላለሁ።

የሺ