ለጉልበታቸው የተጸለየላቸው አናጢ

አባታችን ጥር 9 ቀን 1938 ዓ.ም. ከሸማኔ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ስላረፉ ትምህርቱን ትተው ከአጎታቸው አናጢነት ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. እናታችንን አግብተው እኛን አምስት ልጆቻቸውን በመጋዝና በመላጊያ አሳደጉ። የሠፈሩ ሰው “ሚስማር” ይላቸው ነበር፤ አንዴ ከገቡ የሚነቅላቸው አልነበረምና።

እልከኛ ነበሩ። “ስሞት የሕይወት ታሪኬን ስታነቡ ቅዱስ እንዳታደርጉኝ” ስላሉ አልደብቅም። በ1994 ዓ.ም. ባልንጀራቸው ግንበኛው በጸሎት ቤት የፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አግዳሚው የአባታችን የእጅ ሥራ፣ ጫፉም ቦታቸው ነበርና ተቀይመው ሰባት ወር ደጁን አልረገጡም። እናታችን “እንጨቱ እንኳ ረስቶታል” ቢሏቸው ወይ ፍንክች!

ሆኖም አኩርፈውም ቢሆን ሥራ እምቢ አይሉም። ባሕር ማዶ ስለ እምነታቸው ለሚሳደዱ ክርስቲያኖች ወንበር የሚሠራ አናጢ ሲፈለግ፣ ልርዳቸው ብለው ሄዱ። ምእመናኑ የሚሰበሰቡት ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ፣ ጨርቅ በሚከማችበት ክፍል ነበር። አባታችን በአሥራ አንድ ቀን ስድስት አግዳሚ ሠሩ። የጸሎቱ ዕለት ስልሳ ሰው መጣ። አባታችንን አመስግነው፣ እጃቸውን ከሳሙ በኋላ አግዳሚዎቹን ተሸክመው ወደ ጓሮ አወጡ። ወንበር ከገባ ሰው ሊቀር ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ እየዘመሩ ሦስት ሰዓት ቆሙ። በእምነቷ ምክንያት ሁለቴ ከሥራ የተባረረች ልብስ አጣቢ፣ የአባታችን እግር ሲንቀጠቀጥ አይታ ትከሻዋን አስደገፈቻቸው።

በመጨረሻ ምን እንጸልይልዎ ብለው ጠየቋቸው። ስለ አንድ አግዳሚ ሰባት ወር ያኮረፉት አባታችን አፈሩ። ሕመማቸው ትዝ አላቸውና “ለጉልበቴ” ብቻ አሉ። ቋንቋችንን በሥራ ለምዶ የሚያስተረጉምላቸው ሹፌር የገባው ግን ሌላው ጉልበት ነበር። ስለዚህ እነዚያ ሥራና ቤት የተነጠቁ ሰዎች፣ እስከ መጨረሻው የሚቆሙበት ብርታት እግዚአብሔር እንዲሰጣቸው እያለቀሱ ጸለዩላቸው። አባታችን ስህተቱን ኋላ ቢሰሙም አላረሙትም።

በተመለሱበት እሑድ ግንበኛውን ይቅርታ ጠይቀው፣ ክንዳቸውን ይዘው አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀመጧቸው። እሳቸው ከኋላ ቆሙ። ሃያ አንድ ዓመት ቆሙ። ሐኪም ቢቆጣ፣ እኛ ወንበር ብናቀርብ፣ “ሌላ ሰው ይቀመጥበት” ነበር መልሳቸው። ጉልበታቸው አልዳነም፤ ጉልበት ግን አላጡም። ስለዚያች ልብስ አጣቢም ሳይጸልዩ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

በኩላሊት ሕመም ሦስት ወር ተኝተው፣ በጸሎት ሰዓት ግን ብብታቸውን ይዘን እንድናቆማቸው ያዝዙን ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውን፣ አሥራ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና “እኔንም ከቤተሰቡ ጻፉኝ” ያሉንን ግንበኛ ትተው ሄደዋል።

የቆሙለት ጌታ ነፍሳቸውን በቤቱ ያሳርፍ። አባባ፣ አሁን ይቀመጡ።