የሞቀ ጎማ አታስተንፍስ

ውድ ስማቸው፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሆንክማ አያለሁ፤ ካለፈው አርብ ወዲህ ጀብድ እንደሠራ ሰው ደረትህን ነፍተህ ትሄዳለህ። እረፍት ያጣሁት እኔ ነኝ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ጎሚስታ ቤታችን የመጣ ሰው ጎማ እየለጠፍኩ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። አባቴ እንኳን «ይታይሽ፣ ልብሽ የት ነው?» ማለት አብዝቷል። ልቤማ አርብ ገበያ መንገድ ላይ ነው፣ ከሚኒባስህ ጋር።

ያን ለት ገበያተኛ ጭነህ ከቆላ ስትመለስ ዳገቱ መሀል ላይ የኋላ ጎማህ ፈነዳ። መኪናው ተንሸራቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። ሁሉም «ማርያም አወጣችን» አለ፤ እኔም አምናለሁ። አንተ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብለህ አዲሱን ጎማ ጸበል አስረጨህ። አልሳቅኩብህም። ትንሽ ስቄ ይሆናል።

መኪናውን ወደኛ አምጥተህ የቀሩትን ሦስቱን ስለካቸው ግን ሁሉም እኩል ጎድለው አገኘኋቸው። ሚስማር የወጋው ጎማ ብቻውን ይጎድላል፤ ሦስት ጎማ ተማክሮ አይጎድልም። እዚያው ጠየቅኩህ።

«ቆላ ላይ አስተነፈስካቸው እንዴ?»

«ታዲያስ! እንደ እሳት ግለው ነበር እኮ። ባላስተነፍሳቸው ይፈነዱ የለም?»

«አስተንፍሰሃቸውስ መች ቀረልህ?»

«እሱማ ዓይን ነው አልኩሽ። ጋሽ ፈንታው እድሜ ልኩን እንዲህ ነው የሚያደርግ። አንች ደግሞ መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?»

ጋሽ ፈንታው መሪ ያስጨበጠህ ሰው ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ከደጋ ቆላ የሚመላለሰው ሹፌር ሁሉ የሚሳሳተውን ስሕተት ነው ያስተማረህ። ጎማ የሚለካው ጠዋት በብርዱ ነው፣ መኪናው ሳይነቃነቅ። ቆላ ስትወርድ ውስጡ ያለው ንፋስ ይሞቃል፣ ልኩም ከፍ ይላል። ይበል፣ ተወው፤ ሲሠራም ያ ታስቦለት ነው የተሠራው። እዚያ ከቀነስክለት ወደ ደጋ ስትመለስ ይላላል፤ ጭነቱ ያጥፈዋል፤ እየታጠፈ ከውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ዛሬ እናቴና መምሬ ዘካርያስ ለአክስቴ ተዝካር ካንተ ጋር ቆላ ይወርዳሉ። በሌላ መኪና እንድትሄድ እናቴን ብለምናት «ልጄን የሚያገባት ሰው መኪና እያለው በማን ልሄድ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ያች አፋፍ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ከሦስታችሁ አብልጬ የምፈራው ለማን እንደሆነ ብነግርህ እናቴ ትቀየመኛለች። ላንተ ነው። እወድሃለሁ፣ ስማቸው። ታጭተንም ይህን በአፌ ብዬህ አላውቅም፤ አሁንም በወረቀት ነው ያልኩህ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በአፌ ነግሬህ ስላልሰማኸኝ ገና ጎህ ሲቀድ መኪናህን ወደምታሳድርበት ወደ ደጃችን ወጣሁ። ይህን ወረቀት ከመስታወትህ ላይ ስታነሳ ጎንበስ ብለህ እይ። አራቱንም ጎማ ያስተነፈስኳቸው እኔ ነኝ፤ ማንንም እንዳትጠረጥር። የንፋሱን ቱቦ ዘርግቼ፣ መለኪያውን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። መምሬ ሲደርሱ መስቀላቸውን ተሳልመህ፣ ቆላ ላይ የሞቀ ጎማ እንደማታስተነፍስ ቃል ትገባለህ፤ ያኔ አንድ በአንድ በልኩ እሞላልሃለሁ። ቃል ካልገባህ ይች መኪና ዛሬ ከደጃችን አትነቃነቅም።

ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብለህ ቀለበትህን ብትወስድ ማልቀሴ አይቀርም። ይሁን። አንተን ቀብሬ ከማለቅስ፣ አኩርፈህ በደጄ ስታልፍ እያየሁ ባለቅስ ይሻለኛል።

ተቆጥተህም ቢሆን እንድትኖርላት የምትፈልግ፣
ይታይሽ