ትሮምቦን ያበላል?

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

አሁንም በረዶ። መኪናዋ በስንት ልመና ተነሳች። ጠዋት ኮሌጅ፣ ሁለቱን ተማሪዎቼን አስተማርኩ። ከሰዓት የሙዚቃ መሣሪያ መደብር፣ የጊታር ክር ስሸጥ ዋልኩ። ከዚያ የባንኩ መልእክት... የኮሌጅ ብድሬ የወሩ ክፍያ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከፍዬ ዕዳው ከተበደርኩት በልጧል። ወለድ የሚሉት ለካ ወዶ አይደለም። እኔ አልወለድኩ፣ እሱ ይወልዳል።

ለግል ትምህርቷ ዊላ መጣች። የጣራ ሠሪው የቨርል ልጅ፣ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ትሮምቦኑን አንስታ አንድ ቀርፋፋ ዜማ ስትነፋ የማርመው አጣሁ። በሷ ዕድሜ እንዲህ አልነፋም ነበር። አሁንስ እነፋለሁ?

ፌብሩዋሪ 12

የኮሌጁ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ዶክተር ፔሪን ጠራኝ። ፈገግታው ሲበዛ ነገር አለ።

"ማርሊስ፣ ከሁለቱ ተማሪዎችሽ አንዱ መመረቁ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ለአንድ ተማሪ ኮንትራት ማደስ ይከብደኛል። ያቺ የጣራ ሠሪው ልጅ ለኛ አመልክታለች አይደል? አባትየውን አነጋግሪልኝ። አንቺን ያምናል።"

ዊላ ከገባች ሥራዬ አለ። ካልገባች የለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፌብሩዋሪ 13

የኮሌጁ አዲስ መጽሔት ወጣ። ገጽ አራት ላይ እኔ! ትሮምቦን ይዤ ጥርሴን ገልፍጬ። ከሥሩ፦ "ከተመራቂዎቻችን ዘጠና አንድ በመቶው በሙያቸው ተሰማርተዋል።"

ከየት አመጡት አልኩ... ኋላ ትዝ አለኝ። አምና ከኮሌጁ አንዲት ልጅ ደውላልኝ ነበር። "ከሙዚቃ ጋር የተያያዘ ሥራ አለሽ?" ክር እሸጣለሁ አልኳት። "እሱም ይቆጠራል!" አለች በደስታ። ተቆጠርኩ።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

በኮሌጁ የወላጆች ቀን። ቨርል የቤተክርስቲያን ጃኬቱን ለብሶ መጣ። በአንድ እጁ ዶናት፣ በሌላው ያ መጽሔት። ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ የጣራ ሰው ነኝ። ይሄ ነገር ያበላል?"

"አንዳንዱን ያበላል።"

"አንቺንስ?"

ፔሪን ከማዶ ያየናል። አውራ ጣቱን አነሳልኝ፣ ጎበዝ ለማለት።

"ብድሩ ላይ ዋስ ሆኜ የምፈርመው እኔ ነኝ" አለ ቨርል። "ጉልበቴ ደግሞ አልቋል። ዘንድሮ ከጣራ ልወርድ አስቤ ነበር። ልጅሽ ብትሆን ትልኪያታለሽ?"

"አልልክም።"

ከአፌ ወጣ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ። ስልሳ ሁለት ሺህ ዶላር ተበድሬ ዛሬ ስልሳ አምስት እንዳለብኝ፣ ኮሌጁ በዓመት ዘጠኝ ሺህ እንደሚከፍለኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። የካንሳስ ሲቲውን የኦርኬስትራ ፈተናም ነገርኩት፦ ለአንድ ወንበር ሁለት መቶ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ነድቼ ሄጄ ከመጋረጃ ጀርባ ትንሽ እንደነፋሁ "እናመሰግናለን!"

"ዘጠኝ ሺህ? እኔ እኮ በአንድ ጣራ..." አለና ተወው። ዶናቱን ሳይጨርሰው መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

ማርች 11

ዊላ መጣች፤ የትሮምቦኑን ሳጥን ግን አልከፈተችም።

"ቲቸር፣ ለአባዬ ምንድነው ያልሽው?"

"እውነቱን።"

"እውነቱን! አራት ዓመት ሙሉ 'ትችያለሽ' ስትይኝ የነበረውስ?"

"ትችያለሽ እኮ!"

"ታዲያ?"

ዕዳ ችሎታ አይቶ አይምርም ልላት ስል ሳጥኗን አንስታ ተነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

"ላንቺ ስላልሆነልሽ ነው። ቀንተሽብኝ ነው።"

የዛሬውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ ሄደች። ሳትከፍል ሄደች እንዳትባል ነው መሰለኝ።

አፕሪል 2

ፔሪን ሰላምታም ነስቶኛል።

አፕሪል 15

ኮንትራቴ አይታደስም። "በበጀት ምክንያት።" ቁልፉን በወሩ መጨረሻ አስረክቢ ተባልኩ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ። የቤት ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? ይላሉ እንጂ እሱን አይነግሩሽም።

ግን ቢያንስ ልጅቷ ተርፋለች። ቨርልም ከጣራ ይወርዳል። ይቺን እያሰብኩ ነው ሰሞኑን እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ሜይ 1፣ ሐሙስ

የኮሌጅ መምረጫው የመጨረሻ ቀን። ልጆቹ ሁሉ የመረጡትን ኮሌጅ ሹራብ ለብሰው ፎቶ ይለጥፋሉ። መደብሩ ባንኮኒ ጋ ቆሜ ስልኬን ስነካካ የዊላ ፎቶ ብቅ አለ። ቀይ ሹራብ። የኛ ኮሌጅ አይደለም። ምሥራቅ ጠረፍ ያለው፣ ያ ስመ ጥሩ... ክፍያው የኛን እጥፍ የሚሆነው! ከፎቶው ሥር፦ "አትችይም ላሉኝ ሁሉ።"

እኔ መቼ አትችይም አልኩ?

ቨርል ጋ ደወልኩ። ከኋላው መዶሻ ይሰማል።

"ፈረሙ እንዴ?"

"ፈረምኩ።"

"ነግሬዎት አልነበር?"

"ነግረሽኛል። ስትነፋ ሰምተሻት የለ? ምን ብዬ እምቢ ልበላት?" ቀጠለና፣ "ዊላ 'ማርሊስ ቀንታብኝ ነው' እያለች ስታለቅስ ከረመች። እውነት ነው?"

በፍጹም ልለው ነበር። ያ የዊላ ቀርፋፋ ዜማ መጣብኝ።

"አዎ፣ ቀንቻለሁ" አልኩት። "ግን ሒሳቡም ልክ ነው።"

መዶሻው ቆመ። ንፋሱ ብቻ ይሰማል።

"በይ፣ ጣራ ላይ ነኝ" ብሎ ዘጋው።