ለእሑድ የሚደርስ አምፕሊፋየር

ማክሰኞ

መጡ! ሁለቱም ስፒከሮች ገቡ። ልጄ ያሬድ ከጓደኛው ጋር እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ አወጣልኝ። ላቡ ጠብ እያለ "እማዬ፣ ይሄ ለቤት ነው ወይስ ለስታዲየም?" ይለኛል። አንተ ምን አገባህ! የእንጨት ናቸው፣ ቁመታቸው እስከ ወገቤ ይደርሳል። ባለቤቶቻቸው ቤት ሲቀይሩ ማስቀመጫ አጥተው ነው ለእኔ የደረሱኝ። የሳሎኔን ግማሽ ያዙት። ይያዙት! ጡረታ የወጣሁ፣ ልጆቼን የዳርኩ፣ ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን የምኖር ሴትዮ ነኝ። ለማን ብዬ ነው ሳሎን የማሳምረው?

ይሄ ሁሉ ለካሴቱ ነው። በወጣትነታችን ከቀበሌ ኪነት ጋር የቀዳነው የመኸር ዘፈን ቁም ሣጥን ሳጸዳ ተገኘ። አውጪዋ፣ ዘፈኑን የምትመራው፣ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ውድነሽ ደግሞ "እኔ ነኝ" ትላለች። ዕድሜያችንን ሙሉ በዚህ ተከራክረናል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር! በአሮጌው ቴፔ ሲሰማ ድምፁ ታፍኖ የማን መሆኑ አይለይም። እሑድ ውድነሽ ልጇን ሕይወትን ይዛ ከሀና ማርያም ትመጣለች። በትልልቆቹ ስፒከሮች እንሰማዋለን፣ ያኔ ይለይልናል።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። ያሬድ ያመጣልኝን አምፕሊፋየር ቴፑና ስፒከሮቹ መሀል አገናኘሁት። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ነገር ናት፣ ካርቶኗ ላይ ግን "600 ዋት" ይላል። ሬዲዮ ከፈትኩባት። ዝቅ ሲል ደህና ናት። ትንሽ ከፍ ሳደርገው ዜና አንባቢው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚጮህ መሰለ። ምናልባት ሲጨመር ይጠራ ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ኧረ በስመ አብ! ሸሸሸ፣ ጠጠጠ፣ ከዚያ የመቃጠል ሽታ። ሮጬ ነቀልኩት።

ያሬድ ጋ ደወልኩ። "ስድስት መቶ ዋት በዝቶባቸው ነው እማዬ፣ አነስ ያለ እንፈልግ" አለ። ስፒከሮቹ ጀርባ ላይ የተጻፈው መቶ ዋት ስለሆነ አባባሉ ልክ ይመስላል። ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። ጉልበቱ ከበዛ ድምፁ ለምን ያንን ያህል ሰለለ?

ውድነሽ ደግሞ እንዲህ ያለ ጊዜ ታውቃለች፣ ደወለች። "ለመሸነፍ ተዘጋጀሽ?" በዚያ በሻከረ ድምፅዋ። ሕይወትን ከመውለዷ በፊት እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ነው፤ ዘፍናም አታውቅ፣ ልጇ እንኳ ስትዘፍን ሰምታት አታውቅም። "አንቺው ተዘጋጂ!" ብዬ ዘጋሁባት።

ሐሙስ

አገኘሁት! አገኘሁት!

የአምፕሊፋየሯን ቻርጀር ገልብጬ አየሁት። በደቃቃ ጽሑፍ "12 ቮልት፣ 3 አምፔር" ይላል። መነጽሬን አደረግኩ። አሥራ ሁለት በሦስት ሲባዛ ሠላሳ ስድስት ዋት። አለቀ! እኔ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ነው ያረጀሁት። ገቢው ሠላሳ ስድስት ከሆነ ስድስት መቶ ከየት ወጪ ይሆናል? ውሸታም ካርቶን! እሱም ለሁለት ስፒከር ተካፍሎ ነው።

ለካ በዝቶባቸው ሳይሆን አንሷቸው ነው። ምሳ ሳልበላ ስልኬ ላይ ስፈልግ ዋልኩ። ደካማ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ጫፍ እየቆረጠ ይልካል፣ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ያለችውን ትንሿን ስፒከር የሚያቃጥላት ደግሞ ያ የተቆረጠው ነው። ጉልበታሙ ግን በልክ ከተከፈተ ምንም አይላቸውም። እኔ ደግሞ እስከ ጥግ አዞርኩት! እጄን ይቁረጠው። ትንሿ ከተቃጠለች እሑድ ምን ልሰማ ነው?

ለነገ፦ ለእያንዳንዱ ስፒከር ከሃምሳ እስከ ሰማንያ እውነተኛ ዋት። እንደ ስፒከሮቹ ጀርባ 8 ኦም የሚል። ከባድ። መብራት የማያብለጨልጭ።

ዓርብ

ነፋስ ስልክ ሄድኩ፣ አንዱን ስፒከር በተሸካሚ አስወርጄ ይዤ! የመቃጠል ሽታ የወጣበትን። ሳይሞከር እንዴት ይገዛል? ታክሲ ውስጥ አጠገቤ አስቀምጬ ለእሱም ከፈልኩለት። ረዳቱ "ማዘር፣ ይሄኛው ወራጅ አለ አይልም?" ሲል ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ባለሱቁ ኑረዲን ይባላል። መጀመሪያ ያወጣልኝ እንደ ጭፈራ ቤት የሚያብረቀርቅ ነው። "ሁለት ሺህ ዋት ነው ማዘር፣ ሰፈር ያናውጣል!" "እስቲ ገልብጠው" አልኩት። ገለበጠው፣ ሁለታችንም አነበብን፣ ሳቀና መልሶ ሰቀለው። "ማዘር አይሸወዱም" አለ። ከዚያ ከታች አቧራ የለበሰ፣ ያገለገለ ጥቁር አምፕሊፋየር ጎትቶ አወጣ። ላነሳው ስል ወገቤ ጮኸ። ከጀርባው "8 ኦም፣ 70 ዋት" ይላል። እሰይ!

ስልኩ ላይ ካለው ዘፈን አንዱን ለቀቀበት። ትንሿ አልተቃጠለችም! ተመስገን! ቮልዩሙን ሩብ እንኳ ሳያዞረው ክራሩ ለብቻው፣ ከበሮው ለብቻው ጥርት ብሎ መጣ። መንገደኛ ቆሞ ሰማ። ኑረዲንን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ

መብራት የለም። ከጠዋት ጀምሮ የለም። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ገጣጥሜ ቁጭ ብያለሁ። ውድነሽ በስልክ "ሰበብ አገኘሽ አይደል?" አለችኝና ሳቀች። ብሸነፍስ? ዛሬ ገና ነው ያሰብኩት። አይሆንም፣ እኔው ነኝ።

እሑድ

መብራት መጣ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ውድነሽና ሕይወት ገና ሳይቀመጡ ካሴቱን ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ከዚያ ሁሉ የካሴት ሹክሹክታ ውስጥ የአውጪዋ ድምፅ ንጥር ብሎ ወጣ። ሰውነቴን ነዘረኝ። "ሰማሽ?" ልላት ስል ተቀባዮቹ ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ ሁሉንም ቀድማ ዘው አለች። ያቺ ችኩል እኔ ነኝ! የኪነቱ ኃላፊ በየልምምዱ "ብርቄ፣ ጠብቂ እንጂ!" ሲሉኝ የኖሩት ለዚሁ ነው። አውጪዋ እየዘፈነች እኔ ከኋላ ሆኜ እቀበላለሁ። ክው አልኩ።

ቀና ስል ውድነሽ እንባዋን ትጠርጋለች። "ተሸነፍኩ ብርቄ" አለችኝ። "ያንቺ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ኖሮኝ አያውቅም።"

ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩትን ዝም ብላ ሰጠችኝ! "አላልኩሽም?" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሕይወት ወደ እኔ ዞረች። "እውነት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ብርቄ?"

"እናትሽ ናት" አልኳት።

ካሴቱን መልሼ ያቺን ችኩል ተቀባይ አሰማኋቸው። ውድነሽ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ሳቁ ቆመና "እኔ እኮ የምከራከርሽ ለእልህ ነበር፣ ከጊዜ በኋላ እኔም አላመንኩትም" አለችኝ። ሕይወት ስፒከሩ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቮልዩሙን ራሷ ከፍ አደረገችው። አልተንጫጫም፣ አልተቆረጠም።

ምሳው ቀዝቅዟል። ተሸንፌያለሁ፣ ደስታዬ ግን ልክ የለውም። ይኸው እኔ ማእድ ቤት ሆኜ ስጽፍ ሕይወት ካሴቱን እያጠነጠነች "እማዬ፣ አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ" ትላለች። አምስተኛዋ መሰለኝ።